ለአቶ ሰማኸኝ፦ «የቤተሰብ ስም» ስለሚለው ሳጥን

ይድረስ ለክቡር አቶ ሰማኸኝ ወልደሥላሴ፣ የተመላሾች መመዝገቢያ ገጽ በአማርኛ እንዲጻፍልን ላደረጉት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና እመኛለሁ። ሁላችሁም በአንድ መኪና ከካርቱም ጦርነት እንደወጣችሁ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ አብሮ መውጣት ደግ ነገር ነው። እኔ እስካሁን እዚያው ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ነኝ። የማመሰግንዎ ነገር ስለበዛ በተራ እጽፈዋለሁ።

፩. በቋንቋችን ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያስቆጠረችኝም ልጄ ሰርክአዲስ ናት፤ ስለዚህ ገጹን በስልኳ ስትከፍተው የራሴን ራሴ ልሙላ አልኩ። ከመጀመሪያው ሳጥን በላይ «ስም» ይላል፤ ስሜን ጻፍኩ። ከሁለተኛው በላይ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ነውና የአባቴን የሻምበልን ጻፍኩ። ልጄም የአባቷን የቃለአብን ጻፈች። ወዲያው ከሥር ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ እሱን ግን በእንግሊዝኛ ስለተዉት ሁለታችንም ማንበብ አልቻልንም። በኋላ ሰው እንዳነበበልን፣ ስማችን ስላልገጠመ አንድ ቤተሰብ አይደላችሁም ይል ነበር።

፪. ቡሪ ሰፈር ካለው ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስነግርዎ በትሕትና ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ። «እትዬ ጸሐይወርቅ፣ ይቺ እኮ ከሳጥን በላይ ያለች አንዲት ጽሑፍ ናት፤ ኢንሻላህ እናስተካክላታለን» አሉኝ። እርስዎም ያው የአገሬ ልጅ ነዎትና፣ የወለዱዎት እናት በዚያ ገጽ ቢመዘገቡ ባዕድ እንደሚሆኑብዎ ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም።

፫. የተመዘገቡትን ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው አውቶቡስ የመጣ ዕለት ልጄ መውለጃዋ ተቃርቦ ነበር። ስሟ ተጠራ፤ እኔም ተከትዬ ልወጣ ስል ስም ጠሪው ስልኩን አየና «ሐጃ፣ አንቺ ዘመዷ አይደለሽም፤ ያላ፣ ውረጂ» አለኝ። እሷም ያለ እማዬ አልሄድም ብላ በሩን ያዘች። ጥይቱ እየቀረበ ስለነበር ጣቶቿን ከበሩ አላቅቄ ወደ ውስጥ የገፋኋት እኔ ነኝ።

የቀረውን አብራት የተሳፈረችው መሪማ በስልክ ነገረችኝ። ልጄ ምጥ የያዛት መንገድ ላይ ነው። መሪማ ወልዳ የማታውቅ ልጅ ናት፤ እኔ ግን በካላክላ ስንቷን ሴት አዋልጃለሁ። ወንድ ነበር አለችኝ። አላለቀሰም። ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ግራር ሥር ቀበሩት። ሰርክአዲስ ተርፋለች፤ ስደውልላት ትሰማኛለች እንጂ አትናገርም።

በዚህ ሳምንት ገጹን ከፍቼ አየሁት። እንዳሉት ጽሑፏ ተስተካክላለች፤ «የአባት ስም» ትላለች። ቀዩም ጽሑፍ አማርኛ ሆኗል፤ ፊደሉም ያምራል። ይህን ያህል ቀላል ሥራ እንደነበር በዓይኔ እንዳይ ስላደረጉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ውለታዎን ተኝታም ሆነ ነቅታ የማትረሳው፣
ጸሐይወርቅ ሻምበል፤ ገጽዎ ባያውቀኝም የሰርክአዲስ ቃለአብ እናት

ማስታወሻ፦ የተስተካከለው ገጽ እንደገና እንድመዘገብ ይጋብዘኛል፤ አሁን ደግሞ «የልጅ ልጅ ስም» የሚል ሳጥን ጨምራችሁበታል። ስም አልወጣለትም፤ ስለዚህ ባዶውን ትቼዋለሁ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጄ እንዳትቀየመኝ እንጂ፣ ከእንግዲህ ከሳጥን በላይ የተጻፈ ነገር አላነብም።