የተሸረፈው ጠርሙስ ድምፅ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልክህን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ እንደ ልማድህ አታነሳም። ስለዚህ በአሮጌው መንገድ፣ በደብዳቤ መጣሁብህ። መልስህ እስከ መጪው ሐሙስ ያስፈልገኛል። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

በወጣትነትህ ከዚያ የሮክ ባንድ ጋር የቀዳችሁትን ሸክላ፣ አሳታሚው ሙዚቃ ቤት እንደገና ሊያሳትመው ነው። የድሮው ሽፋን ላይ የዘፋኙ ስም ብቻ ነበር፤ አሁን የተጫዋቾቹን ሁሉ ስም ሊጽፉ አስበዋል። ኃላፊዋ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ የምትናገር ሴት ናት፣ የምሠራበት ጋዜጣ ቢሮ ድረስ ደወለችልኝ።

«ወንድምሽን ማግኘት አቃተን። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የሚያለቅሰው ጊታር የማን ነው?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። እኛ ቤት ይህ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር እማማ ሸክላውን ታስከፍታለች፤ መሃል ላይ ያ ጊታሩ ብቻውን የሚጎላበት ሶሎ ሲደርስ «ይሄ ልጄ ነው!» ትላለች። አንተ ጥግህን ይዘህ፣ አንገትህን ደፍተህ፣ «ጥሩ ተጫውቷል» ትላለህ። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። «ራሱን እንደ ጎረቤት የሚያመሰግን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» እያልን እናሾፍብሃለን።

ሆኖም በኔ ሥራ የቤተሰብ ምስክርነት ብቻውን አይታተምም። ሸክላውን በክንዴ ሥር ይዤ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ፤ ሽቦው የምትሉት፣ ታውቀዋለህ። ሱቁ ውስጥ እግር ያለው ጠረጴዛ የሚመስል ነገር አቁሟል፤ ከላይ ክሮች ተወጥረውበታል፣ ከሥሩ በእግር የሚረገጡ ፔዳሎች አሉት። ስቲል ጊታር ነው አለኝ። ዘፈኑን ሰማ፣ መርፌውን መልሶ እንደገና ሰማ፣ ግንባሩን አኮሳተረ።

«ወንድምሽ ተቀምጦ ነው ቆሞ የሚጫወተው?»

«ቆሞ ነው እንጂ። ጣቱ ላይ ትንሽ ጠርሙስ ሰክቶ፣ ክሩ ላይ እያንሸራተተ።»

«እንግዲያው ይሄ እሱ አይደለም።»

«አንተ ሰውዬ፣ እናቴ ብትሰማህ ትገድልሃለች!»

«ትግደለኛ። መጀመሪያ አንቺ ስሚ።»

ጊታር አንስቶ ጣቱ ላይ ቱቦ ሰካና ክሮቹ ላይ አንሸራተተው። የነካቸው ድምፆች ሁሉ አንድ ላይ ወጡ፣ አንድ ላይ ወረዱ፤ አንድ ሊፍት ውስጥ የገቡ ሰዎች ይመስላሉ። ቀጥሎ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ፔዳሉን ረገጠ። አሁን አንዱ ድምፅ ባለበት ቆመ፤ ሌላው ብቻውን ከጎኑ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ የናንተን ሶሎ ከፈተልኝ። አንዱ ቆሟል፣ ሌላው ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር መስማት አልቻልኩም።

«ይሄ የእግር ሥራ ነው» አለ ሽቦው። «ለጣት አትስጪው።»

መከፋት ነበረብኝ፤ ነገር ግን ከመከፋቱ የማወቅ ፍላጎቱ ቀደመኝ። ሶሎው የሌላ ሰው ከሆነ አንተን ለምን ጠሩህ? ቤት ሄጄ ሶሎውን እየዘለልኩ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። ዘፋኙ ጨርሶ፣ ሙዚቃው እየራቀ ሲሄድ፣ ከኦርጋኑ ሥር ሌላ ጊታር አለ። ድምፆቹ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ቀጭኑ ክር ላይ በደረሰ ቁጥር ደግሞ ትንሽ ነገር «ቀጭ» ትላለች።

ይህንን ይዤ ሙዚቃ ቤቱ ሄድኩ። ዋናው ቴፕ ስለጠፋ ከሸክላ ላይ ነው የሚቀዱት፤ ጭረቱን የሚያጸዳው የድምፅ ባለሙያ ሲሰማኝ ሳቀ።

«እህቴ፣ ቀጭ የምትለዋንማ ላጠፋት ነው። ገዢ ቀጭ ቀጭ ሲልበት ዕቃውን ይመልሳል።»

«የኛም ሸክላ እኮ በዚያው ቦታ ነው ቀጭ የሚለው። ጭረት ከቤት ቤት ይተላለፋል እንዴ?»

«ሲታተም የገባ እንከን ይሆናል።» ኃላፊዋ ግን አቋረጠችው። «ሐሙስ ሥራው ወደ ማተሚያ ይሄዳል። ማስረጃ ካለሽ እስከዚያ አምጪ። የተጫዋቹንም ቃል።»

ቤት ስመለስ እማማ መስኮቱ ሥር የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። መርፌዎቿ ያሉባትን ያቺን የድሮ የክኒን ጠርሙስ ሳያት ቆም አልኩ።

«እማማ፣ የዚህን አፍ ማን ሸረፈው?»

«ማን ይሆናል? ያ ወንድምሽ ነዋ! ክኒኔን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ወሰደው፤ ሸርፎ መለሰልኝ።»

መርፌዎቹን ገልብጬ ወጣሁ። «ምን ላይ ላስቀምጣቸው፣ አንቺ ልጅ!» ስትል ደረጃው ላይ ሰማኋት።

ሽቦው ጠርሙሷን ትንሿ ጣቱ ላይ ሰካት። አንሸራተተ፣ ቀጭኑ ክር ላይ ደረሰ፣ ቀጭ። የተሸረፈውን ጎን አዙሮ ሞከረ፤ ዝም። መለሰው፤ ቀጭ።

«ይቺን ነው የሚያጠፏት?» አለኝ።

ለእማማ ነገርኳት። ፈርቼ ነበር። «ክፈቺው» አለች። ሶሎው መጥቶ ሲያልፍ ከንፈሯን ነክሳ ቆየች፤ መጨረሻው ላይ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ጠርሙሴ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አለ?» አለችኝ።

ዝም እንዳላልክ ያን ጊዜ ገባኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ነግረኸናል፤ እኛ ሳቅን። ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው፦ ከዚያ በላይ ያልተናገርከው ለእማማ ደስታ ብለህ ነው? ወይስ ያቺ የዘፈኑ ጫፍ ላይ ያለች ጨዋታህ ለሰው የምትነገር አልመሰለችህም?

ይህን ስትፈልግ ትመልስልኛለህ። ለሐሙስ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው በጠርሙስ የሚንሸራተተው ስላይድ ጊታር ያንተ መሆኑን በእጅህ ጻፍልኝ፤ ያ «ጥሩ ተጫውቷል» የምትለው ባለ ስቲል ጊታር ማን እንደነበረም ንገረኝ። እሱም ስሙ እንዲጻፍ የሚጠብቅ እናት ወይም ልጅ ይኖረው ይሆናል።

ጠርሙሷን በጨርቅ ጠቅልዬ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። እማማ ናት ያዘዘችኝ፤ መርፌዎቿ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገብተዋል። ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣ ሸክላው እስከ ጫፉ ድረስ ይሰማል፣ በመሃል ወሬ የለም ብላለች።

አንተ ለሌላው ሰው ስትለው የኖርከውን፣ ለአንተ በትክክለኛው ቦታ ማንም ብሎህ አያውቅም። እኔ ልበልህ፤ ጥሩ ተጫውተሃል።

ታናሽ እህትህ