ሽታዬ ደህና አይደለችም

ለክቡር የደረት ሕመም ጥናት ክፍል ኃላፊ፣
ጎንደር።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተ ሰብዎ፣ ከባሕር ማዶ ያስመጧቸው የትንፋሽ መለኪያዎች ሁሉ ደህና ናቸው? እዚህ ላይ «እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ መቀጠል የደብዳቤ ወግ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ቃል በእርስዎ ክፍል ደጃፍ መናገር ስለ ፈራሁ ትቼዋለሁ። የፈራሁበትን ምክንያት በትሕትና አስረዳለሁ።

እኔ የድብ ባሕር ገበሬ በላቸው ዳኛው ነኝ። ባለቤቴ ሽታዬ የጡት ነቀርሳ ይዟት፣ በሽታው ወደ ሳንባዋ ወርዶ ትንፋሽ ቢያጥራት፣ በጭነት ማኪና አምጥቼ እርስዎ ክፍል አስተኝቻታለሁ። መዳኛ እንደሌላት ተነግሮኛል፤ ምን አደርጋለሁ፣ ተቀብያለሁ። የምለምነው ትንፋሿ እንዲቀልላት ብቻ ነው። ለዚህ የሚሆን፣ አየር የተሞላ ረጅም ብረት በክፍሉ ጥግ ቆሞ በዓይኔ አይቻለሁ።

፩ኛ፤ ስለ መከላከያው ትምህርት ከልብ አመሰግናለሁ። በሽታው ከገባ በኋላ፣ እንዳይገባ የሚደረገውን ጥንቃቄ ከአልጋዋ አጠገብ ቆመው በሰፊው አስተምረውናል። ጭስ ካለበት ቤት እንዳትውል፣ መስኮትም እንድትከፍት መክረዋታል። ሽታዬ ቀና ብላ መቀመጥ ስላቃታት መስኮቱን ለጊዜው አልከፈተችውም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

፪ኛ፤ ዋናው ጉዳዬ ይኸው ነው። አየሩ የሚሰጠው ለባሰበት ሕመምተኛ ነው፤ የባሰበትም የሚለየው በመጠየቅ ነው ተብያለሁ። ጠያቂዎ አቶ የሻው፣ መቼም ምስጉን ሰው ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ እንደምን አደሩ ይሏታል። እሷም ሰው ናትና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ትላለች። እሳቸውም ደህና ብለው ይጽፉና ብረቱን ወደ ሌላ አልጋ ይገፉታል።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ብዙ የተማሩ ነዎት፤ ግን የት አገር አደጉ? ለእንደምን አደርሽ በእኛ አገር ሌላ ምን መልስ አለ? ልጇን የቀበረች ለት እንኳ ለለቀስተኛው እንዲሁ ነበር የመለሰችው። ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ ለእንግዳ ሰው መናገር ፈጣሪን ማማረር ይመስላታል። አንድ ቀን እንኳ እውነቱን ንገሪያቸው ብዬ ብለምናት፣ ምነው በላቸው፣ በጨዋ ደንብ የጠየቀኝን ሰው ላስቀይም ወይ አለችኝ። ይህችን ቃል ለመጨረስ መሐል ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆማለች።

፫ኛ፤ እኔ ልናገርላት ብል፣ ጥናቱ ስለ ሕመምተኛዋ ደህንነት ስለ ሆነ የባል ቃል እንደማይገባበት አቶ የሻው በትሕትና አስረድተውኛል። ስለዚህ ጋደም ማለት አቅቷት በክንዴ ተደግፋ እንደምትውል፣ ከንፈሯም እንደ ጠቆረ በጥናትዎ ውስጥ የለም። በጥናትዎ ውስጥ ያለችው ሽታዬ እየተሻላት ነው አሉ። ያችን ሽታዬን ባገኛት ዛሬውኑ ይዣት ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

ልመናዬ አጭር ነው። አይጠይቋት፤ ይዩዋት። መጥተው ከአልጋዋ አጠገብ ጥቂት ቁጭ ይበሉና ትንፋሿን ያዳምጡ። ከዚያ ወዲያ የፈለጉትን ይጻፉ፤ እኔ ሌላ የምሄድበት ደጅ የለኝም።

ጥናትዎ ፍሬ አፍርቶ ስምዎ ባሕር ማዶ እስኪሰማ ድረስ ዕድሜና ሙሉ ትንፋሽ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ደጅ ከመጥናት በቀር ሌላ ሙያ ያልቀረኝ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

በላቸው ዳኛው
ግንቦት ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፤ ደብዳቤውን ሳልልከው ዛሬ ጠዋት አቶ የሻው መጡ። ሽታዬ ድምፅ አልወጣላት ሲል እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ዝቅ አደረገችላቸው። ደህና ብለው ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ዐረፈች። አቶ የሻው ሊያጽናኑኝ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንደምን ዋሉ አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አልኳቸው።