ይሄይስ የዘጋው ቴሌግራም

ወረታ፣ መጋቢት ፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለማስተዋል፣

ይሄይስ ይባላል። ስሙን አስቀድሜ የጻፍኩልሽ ከኅዳር ጀምሮ ድምፅሽን ያጣሁት በማን እንደሆነ እንድታውቂ ነው። የሩዝ መፈልፈያችንን ኮምፒውተር የሚይዝ፣ የገለባ ብናኝ ጫማውን እንዳይነካው ዳር ዳሩን የሚሄድ ጎረምሳ ነው። እሱም አንበሳሜ ከተማ የምትኖር እናት አለችው። በየቀኑ ይደውልላታል፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደነበረው ነው። ጽሕፈቱ የማን ነው ብለሽ ግራ እንዳይገባሽ፤ የራሴ ነው! ማንም አልጻፈልኝም። "እማዬ፣ ድምፅሽ ይረዝማል፤ አጠር አድርገሽ ጻፊልኝ" ብለሽኝ አልነበር? እንደማልችል ስለምታውቂ ነው ያልሽው። እኔም ከሥራ ስወጣ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ልጄ ልትሆን የምትችል መምህርት ፊት ተቀምጬ እንደ ሕፃን ሀ ሁ አልኩ። አሁን የሱቅ ሁሉ ስም እያነበብኩ ስሄድ መንገድ አያልቅልኝም። ግማሹ ሱቅ የሌለውን ነገር ነው የጻፈው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋሽ። ትተሽልኝ የሄድሽው ስልክ ሲም የሚገባበት ቦታ ተሰብሯል። ስለዚህ የሚሠራው መፈልፈያው ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያ ዋይፋይ አለ። ከሩዙ ጠጠር ስንለቅም አርፍደን ምሳ ስንወጣ፣ እኔ ከሥራ አስኪያጁ መስኮት ሥር ቆሜ በቴሌግራም ለአንቺ ድምፄን እልካለሁ። ሌሎቹ ቁጭ ብለው ሲበሉ እኔ ቆሜ ነበር የምበላው። ስለ ሰውመሆን የነገርኩሽንም ሁሉ ከዚያ ሆኜ ነው የነገርኩሽ። ባልሽ ነው፤ ጥለሽው ብትሄጂም ባልሽ ነው። በሬዎቹ ወፍረዋል። ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶታል። ገበያ ላይ አግኝቶኝ "አትመጣም ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም አፈርኩ።

ሩዝ ታጭዶ ሥራ ሲበዛ ሥራ አስኪያጁ አቶ ገበያው በለቃሚዎቹ ተናደደ። ልጃገረዶቹ እጃቸው ሩዝ ላይ፣ ዓይናቸው ቲክቶክ ላይ ነው። ባሕር ዳር የተላከ ሩዝ "ጠጠር አለበት፣ የሰው ጥርስ ሰበረ" ተብሎ ተመለሰ። አቶ ገበያው ይሄይስን ጠርቶ "ይህን ወሬ የሚባል ነገር ሁሉ ዝጋልኝ" አለው። ይሄይስም ይህ ያስፈልጋል፣ ያ አያስፈልግም ሳይል ቲክቶኩንም፣ ኢሞውንም፣ ቴሌግራሙንም ጠረቀመው። በማግስቱ "ልጄ፣ ጾም ገባ" ብዬ ብልክልሽ አልሄደም፤ ትንሿ ሰዓት እዚያው ቁጭ አለች።

ሄድኩበት።

"አንተ ልጅ፣ የእኔ ልጅ ዱባይ ናት፤ ቲክቶክ አይደለችም" አልኩት።

"ትእዛዝ ነው እማማ፤ እኔ ምን ላድርግ?"

"የአንተን እናት ማን ዘጋት?"

"እናቴን በሲም ነው የማገኛት" አለኝና ሳቀ።

ያን ሳቁን እንዴት አድርጌ እረሳለሁ? ከዚያ ወዲያ ሰላም ባለኝ ቁጥር መልሴ "እግዜር ይይልህ" ሆነ። ልጃገረዶቹ ግን ብልጦች ናቸው፤ ሳይዘጋ የቀረውን የቢሮውን ዋይፋይ የይለፍ ቃል ከጸሐፊዋ ላይ አግኝተው በስውር ሲጠቀሙ ከርመዋል። ለእኔ የነገረኝ የለም። አሮጊት ከማን ጋር ታወራለች ብለው ይሆናል። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፤ እኔ ጆሮዬን ለመፈልፈያው ጩኸት ሰጥቼ ከረምኩ።

አሁን ደስታዬን ልንገርሽ! ሰሞኑን ይሄይስ የልጃገረዶቹን ተንኮል ደረሰበትና የቢሮውንም ጨምሮ ዘጋው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው! የእኛ መፈልፈያ በመብራት ነው የሚሠራው፤ መብራቱ ደግሞ ሲያሰኘው ነው የሚመጣው። ገበሬው ጭኖ መጥቶ ደጅ እንዳያድር፣ መብራት ሲመጣ ጸሐፊዋ በቴሌግራም "የሽና ሰዎች ጫኑ፣ የናበጋ ሰዎች ቆዩ" እያለች ትጠራለች። በየጎጡ ስልክ የያዘ ሰው ለጎረቤቱ ይናገራል፤ አህያና ጋሪ ይነሳል። ሲዘጋ ጊዜ የጸሐፊዋም ጥሪ እንደ እኔው ቀረ። እሷ ጽፋ ዘወር ትላለች እንጂ ይሂድ አይሂድ አላየችም። መብራቱ ቦግ ብሎ ይውላል፣ መፈልፈያው አፉን ከፍቶ ይውላል፣ ሩዝ የለም! አቶ ገበያው "ገበሬው ከድቶን ይፋግ መፈልፈያ ሄደ" ብሎ ስብሰባ ጠራ።

ቆሞ ገበሬውን ሲያብጠለጥል አንድ የሽና ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ።

"አቶ ገበያው፣ ምን በደልንዎ?" አለ። "ሩዛችን በጆንያ ታስሮ፣ አህያው በጠዋት እየተጫነ ማታ እየተራገፈ ሰነበትን። መብራት የላቸውም ብለን አዝነንላችሁ ነበር።"

"ተጠርታችሁ ነበር እኮ!"

"በምን? በመለከት?"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ጸሐፊዋ ሮጣ ኮምፒውተሯን አይታ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኗል። "አንዱም አልሄደም" አለች። ሰው ሁሉ ወደ ይሄይስ ዞረ። እኔም ብድግ አልኩ! በስብሰባ ላይ ተናግሬ የማላውቀው እኔ! ስለ ሩዝ የምናገር መስሏቸው ዝም አሉልኝ።

"ልጄን ክፈቱልኝ!" አልኩ። "ሩዙ ቢቆይ አይበሰብስም። የእኔን ልጅ ክፈቱልኝ!"

አቶ ገበያው ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው። "ይሄይስ፣ ቴሌግራሙን ክፈተው፣ ቲክቶኩ ይቅር። ግን ከሩዙ በፊት የእማማ እማዋይሽን ልጅ ክፈት።"

አጨበጨቡልኝ፣ ማስተዋል! ያቺ ተጣልተን ስሟን የማልጠራት ለቃሚ ሳትቀር እልል አለች።

ሲከፈት ግቢው በሙሉ ተንጫጫ። የእኔም ስልክ ጮኸ! በራሴ ዓይን አነበብኩ። የዕድር ጥሪ አለ። የእኅቴ ልጅ ከጎንደር የላከችው የገና ሰላምታ አለ። አንድ የማላውቀው ሰው ፍራሽ ይሸጣል። አንቺን ፈለግሁ። ፎቶሽ የነበረበት ቦታ ላይ "ማ" የምትል ፊደል ብቻ ቀርታለች። አጠር አድርጌ ጻፍኩልሽ፤ "ማስተዋል ተከፈተ" አልኩ። የመጀመሪያ ጽሑፌ ነው። አንድ ምልክት አወጣ። የሌሎቹ ሲነበብላቸው ሁለት ነው የሚያወጣው። ሥራ እስክንገባ ቆሜ ባየው ሁለተኛው አልመጣም።

ይሄይስን ጠራሁት። "አንተ፣ የእኔን ሳትከፍት ነው የከፈትኩ የምትለው?"

ስልኩን ተቀበለኝና ነካ ነካ አደረገው።

"እማማ፣ እኔ የዘጋሁት ተከፍቷል።"

"ታዲያ ይህስ?"

"ይህ በእኛ በኩል አይደለም።"

"በማን በኩል ነው?"

ጫማው ላይ የተበተነውን ገለባ እያየ "ዱባይ ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ እማማ" አለኝ። ስልኩንም በሁለት እጁ መለሰልኝ። ሲዋሽ ያስታውቅበታል።

ከዚያ ጀላል ሱቅ ሄድኩ። ሴት ልጁ ኢክላስ ለእረፍት መጥታ ከርማ የፊታችን ሐሙስ ወደ ዱባይ ትመለሳለች። "ማስተዋልን አግኝተሻት ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ትናንት የልደቷን ፎቶ ላከችልኝ እኮ እማማ! እንዴት አምሮባታል መሰለዎት..." አለችና አፏን በሻሿ ያዘች።

"ትናንት?"

"አይ፣ የቆየ ነው። የቆየ ፎቶ ነው" አለች። ጨርቅ ማጣጠፍም ጀመረች። ደግ ልጅ ናት፤ እናቷ አሳድጋታለች።

ፎቶውን አሳዪኝ አላልኳትም። ግን ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት! ጤነኛ ነሽ፣ ፀጉርሽን ተሠርተሻል፣ ልደትሽን የሚያከብርልሽ ሰው አለሽ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ "ልጄ አምሮባታል" እያልኩ ነው ቤቴ የደረስኩት። ማታውኑ ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥኩ። ኢክላስ በእጅሽ ትሰጥሻለች። መልስ ካለሽ በእሷ በኩል ላኪ፤ ከሌለሽም ደርሶኛል በያት፣ እሷ ትነግረኛለች።

ስለ ሰውመሆን ከላይ የጻፍኩትን ልሰርዘው ብዬ ነበር፤ ስሰርዝ ወረቀቱ ተቀደደብኝ። ዝለይው።

ጣራ ገዳም ወጥቼ ስምሽን አስጠርቼልሻለሁ። እጅሽ የነካው ይብዛልሽ። ክፉ አሠሪ መንገድሽን ይሳት። የሰው አገር ለአንቺ የዘመድ ደጅ ይሁንልሽ። የእኔን ዕድሜ ቆርሶ ይጨምርልሽ።

እናትሽ እማዋይሽ፣
በገዛ እጄ

ከስሜ በታች ትንሽ ቦታ ስለተረፈኝ ነው፦ ከእንግዲህ ይሄይስን አልረግመውም።