ልጄ ነገ እሺ ትላለች

ቡሬ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ጠዋት ልጄ ሙሉ ከአዲስ አበባ ደወለች። የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ከሆነች ዓመት አልሞላትም፤ አሁን በካንሰር ቀዶ ሕክምና ሁለት ዓመት እንድትማር ተመርጣለች። ነገ መልስ ትሰጣለች።

የንስሐ አባታችን በርበሬ ሊገዙ ሱቄ መጥተው ሰሙ።

«ሐኪም ሆናለች፤ ምን ቀራት? ትዳር ትያዝ እንጂ!»

«አባ፣ እርስዎ ቅኔ ካስመሰከሩ በኋላ አቋቋም ሊማሩ ለምን ሄዱ?»

«አቋቋም እኮ ሌላ ሙያ ነው!»

«ይኸም ሌላ ነው።»

«አንተ ሰው፣ ምላስህ እንደ በርበሬህ ነው!» ብለው ሳቁ። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም። እኔም አልቀይርም። እናቷ በጡት ካንሰር የሞተችብኝ ይህን ሙያ የሚያውቅ ሐኪም ለማግኘት ወረፋ እየጠበቅን ነው።

እሳቸው እንደወጡ ለሙሉ ደወልኩላት። «እሺ በያቸው። ‹ትዳርሽስ?› የሚልሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው» አልኳት።