ዛሬ ገንዳው ውስጥ ማንም እንዳይገባ

አሻግሬ፣
ስልክህ ዝግ ነው። የእትዬ ሰኪናን ልጆች ከትምህርት ቤት ስታመጣ መዋኛ ገንዳው ውስጥ እንዳይገቡ።
ገብተው ከሆነ ማንበብህን ተውና አስወጣቸው፤ ዓይናቸውን በቧንቧ ውሃ እጠብላቸው።

የጉድጓዱ ውሃ ገንዳውን ለማከም የምንጨምረውን አሲድ ይችላል፤ ሙሉ ጆግ ስጨምርበት ምንም አይሆንም። ትናንት ግን ፓምፑ ስለተበላሸ በቦቴ አስሞላን። የቦቴው ውሃ አሲድ የሚቋቋምበት ነገር የለውም፤ እኔ ግን ሳልለካ የለመድኩትን ያህል ጨመርኩበት። አሁን ስለካው መለኪያው ቢጫ ሆነ። አሲዱ በጣም በዝቷል። ውሃው ሲያዩት ጥርት ያለ ነው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ውሃውን የሚያስተካክለው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ልገዛ ሳሪስ ሄጃለሁ።

ከልጆቹ ዚያድ ዓይኑን ገልጦ ነው የሚጠልቀው። «አሹዬ፣ አንዴ ብቻ!» ሲልህ እንደማያስችልህ አውቃለሁ። ዛሬ ቢያለቅስም አትስማው።

ትናንት «ውሃ ያው ውሃ ነው፤ አንተ ፈሪ፣ ጨምርና እንሂድ» ስትለኝ የጨመርኩት አምኜህ አይደለም። እንዳትስቅብኝ ብዬ ነው።

ለእትዬ ሰኪና ልነግራቸው በራቸው ድረስ ሄጄ ነበር፤ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።
እኔን ሳትጠብቅ ንገራቸው። ዘአማኑኤል ነው ያጠፋው በላቸው።