አለ ሲል ያመንነው

ውድ ሷሊሕ፣

ትናንት ስደውልልህ «አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አልከኝ፤ እኔም አመንኩህ። ዛሬ ጠዋት ግን እህትህ ኑርሃን ደውላ አለቀሰችብኝ። ለካ ሸዋ ሮቢትን ለቀህ አዲስ አበባ እሷ ዘንድ የገባኸው ለሥራ ሳይሆን ለኩላሊትህ ነው። አሁንማ ከአልጋ መነሳትም ከብዶሃል አለችኝ። ሽማግሌ እልካለሁ ያልከኝም ለዚህ ነው የቀረው? ተናድጄብሃለሁ፤ ፈርቻለሁም።

የሮቢ ወንዝ ሲሞላ ለሽንኩርት ገበሬዎቹ የሚደውለውን ፕሮግራማችንን በቅርቡ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ገነባሁት። አንተ የጻፍከው የፍተሻ ስክሪፕት እንደ ልማዱ ከግንባታው በፊት ማሽኑን ይጠይቅ ጀመር፦ ይሄን ሥራ የሚሠራ ፈንክሽን አለህ? ይሄኛውንስ የሚሠራ? የሌለ ነገር ካለ ምትኩን ሊያስገባ ነው። ማሽኑ ለሁሉም «አለ» አለ። እኔም ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ ደጋው ዘነበና ጎርፉ መጣ። ማንም ጋ አልተደወለም። የጋሽ በላይ ሽንኩርት ከነውሃ መሳቢያ ሞተሩ ሄደ፤ እሳቸው ዛፍ ላይ ወጥተው ተረፉ። ስፈትሸው፣ ፕሮግራሙን በየጊዜው ቀስቅሶ ውሃውን የሚያስለካው ፈንክሽን እዚያ ማሽን ላይ ስሙ ብቻ ነው ያለው፤ ሲጠሩት አይሠራም። ስክሪፕቱ ስሙን አይቶ አልፎታል። ይህን ለጋሽ በላይ ሳስረዳቸው፣

«ሰውስ ለወጉ ደህና ነኝ ይላል። ይሄ ብረት ከማን ተማረው?» አሉኝ።

ከእኛ ነዋ። እናትህ ቤት ዱቄት አልቆ እንኳ ለእንግዳ «ኧረ ሞልቷል» ነው የሚባለው። አለሁ ያለን ሰው ደግመን መጠየቅም እንደ ነውር እንቆጥረዋለን። አንተም እኔም በዚህ ነው ያደግነው።

ስክሪፕቱን አስተካክዬዋለሁ። አሁን ስም ብቻ አይቶ አያልፍም፤ ትንሽ ሥራ ሰጥቶ ያያል። ማሽኑ በመጨረሻ «የለም» አለ፣ ምትኩም ገባ። ለሙከራ ሲደወል ጋሽ በላይ አንስተው «ሰምቻለሁ ልጄ» አሉኝ።

ሐሙስ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፤ ለአባቴም ነግሬዋለሁ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። በሩን አንኳኩቼ እቆማለሁ፣ ተነስተህ ትከፍትልኛለህ። ካቃተህ አትጨነቅ፤ ቁልፉን ከኑርሃን እቀበላለሁ።

ሲሃም