ሰሊጥ የጠገበው ፒያኖ

ጥቅምት 7፣ ጠዋት

ፉሌን በልቻለሁ። ኪኒኔን ውጫለሁ። ግራ እጄ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፏል፤ በቀኜ እጽፋለሁ። ትንሿ ጣቴ ዛሬም አኩርፋለች። አኩርፊ፤ አብረን ነው ያረጀነው።

ደብተሬ፣ ትናንት ዘለልኩሽ። አትቆጪ፣ ምክንያት አለኝ። ፒያኖ አየሁ!

እዚሁ ገዳሪፍ። የእንጨት፣ ባለሽቦ፣ የእውነት ፒያኖ። ወ/ሮ ጥሩዬ (አከራዬ፤ የመተማ ልጅ፤ ምላሷ እሳት፣ ልቧ ቅቤ) ለሰሊጥ ነጋዴው ለሐጅ ዑስማን መኽዘን ምሳ ስታደርስ ሰሐን ላግዛት ብዬ ተከተልኳት። መኽዘኑ ድሮ የግሪክ ነጋዴዎች ክበብ ነበር አሉ። ዛሬ የሰሊጥ ማከማቻ ነው። አዲሱ ሰሊጥ ስላልደረሰ ባዶ። ጥግ ላይ የጆንያ ክምር። ገለጥ ሳደርገው፣ ፒያኖ።

አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ። ዝም። ሌላውን። ዝም። ሦስተኛዋ ግን አለሁ አለች። ቀጭን፣ የሰለለች፣ ግን ድምፅ። የኔን መሣሪያ ጦርነቱ ካርቱም አስቀርቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ አልነካሁም። እንባዬ መጣ፤ ጥሩዬን አቧራው ነው ብዬ ሸወድኳት።

ሐጁን ጠየቅኩ። ሰሊጡ ሲገባ ቦታ ስለሚፈልግ ለፉርኑ፣ ለዳቦ መጋገሪያው፣ ማገዶ ሊሰጠው ነው። ለመንኩ። ሳቀብኝ፤ ያ ሐበሺ (አንተ ሐበሻ)፣ ይሄ እኮ ሬሳ ነው አለኝ። ቆይቶ ራራ። ሰሊጡ ሳይገባ በዚሁ አዳራሽ ልጁን ይድራል። ፒያኖው በሰርጉ ቀን ከተሰማ የኔ ነው፤ ጥጉም የኔ ነው። ካልተሰማ ለፉርኑ። ኸላስ፣ አለቀ።

እሺ አልኩ። ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ!

ጥቅ. 9

የፒያኖውን ሆድ ከፈትኩት። ወይ ጉድ! ሰሊጥ ተንዶ ጫማዬን ሞላው። አይጦቹ ለካ ጎተራ አድርገውታል። ሽቦው መሐል ሰሊጥ፣ ቁልፉ ሥር ሰሊጥ። በችኮላ ክዳኑን ስለጎተትኩት ወለሉ ላይ ተበትኖ ስለቅም ዋልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል እኔን ነው።

ሐጁ መጥቶ አየ። ለካ ሚዛኔ አልዋሸም ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰሊጥ በጎደለ ቁጥር ዘበኛውን ሲጠረጥር ነው የኖረው። ዘበኛው ደግሞ ፒያኖውን እንደ ወንድሙ አቀፈው። ጥሩዬ ሰሊጡን ለዶሮዎቿ ወሰደች።

ጥሩ ቀን። ወገቤ ግን አለቀ።

ጥቅ. 12፣ ከሰዓት

ዜናው ደግ አይደለም። ሽቦው አብዛኛው ደህና ነው፤ ባለእጅ ነበር የሠራው። ነገር ግን ሽቦውን የሚመቱትን ትንንሽ መዶሻዎች አይጥና ምስጥ ተካፍለዋቸዋል። የተረፉት ግማሽ አይሞሉም። መለዋወጫ ከየት? ካርቱም? ሳቅ ነው።

ጥሩዬ ሁኔታዬን አይታ ካረጁ አይበጁ አለች፤ ስለ ፒያኖው ይሁን ስለኔ አልለየችውም። ምሳ አልበላም ብዬ አኮረፍኩ። ከዚያ በላሁ።

ማምሻውን። ደብተሬ፣ ስሚኝ፣ ገባኝ! ፈረንጅ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ አሥራ ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። እኛ ለትዝታ አምስት ይበቃናል። ሱዳኖችም ዘፈናቸው በአምስት ነው። ታዲያ የቀሩትን ሰባቱን ማን ጠራቸው? ደህናዎቹን መዶሻዎች ከማያስፈልጉት ቁልፎች ነቅዬ በአምስቱ ላይ ልተክላቸው። አምስት በሕይወት፣ ሰባት በሰላም ያርፉ። እሰይ!

ጥቅ. 15

ሙጫ፣ ካቻቢቴ፣ ጉጠት። ለመዶሻዎቹ ራስ ወፍራም ሱፍ ስላጣሁ ባርኔጣዬን ቆረጥኳት። ጎንደር ሆቴል ስጫወት የገዛኋት፣ ካርቱም የምሽት ክበብ ሁሉ አብራኝ የዞረች። አላሳዘነችኝም። ራሴ ላይ ጡረታ ወጥታ ነበር፤ ወደ ሥራ መለስኳት።

ሙጫው እስኪደርቅ ሳጅኑን አስታወስኩ። አስመራ፣ ልጅ ሆኜ፣ የአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር ሳህን ሳጥብ። ጥቁሩ ሳጅን ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ሳህን ከእጄ ይወድቃል። ሪትም ኤንድ ብሉዝ የሚባለውን ያኔ በራዲዮ እንኳ እኛ አገር የሚያውቀው የለም። ግራ እጁ እንደ ባቡር ነው፤ አይደክም፣ አይሳሳት። ግራህ ይሥራ፣ ቀኝህ ይጫወት አለኝ። በዚያች አንዲት ቃል ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ በላሁባት። ትዝታን በሱ ግራ እጅ ስጫወት ጎንደሮች መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ተነሡ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቀምጣቸው።

ጥቅ. 18

የሰርጉን ዘፋኝ አገኘሁ። ሐጃ ኑራ። እኩያዬ ትሆናለች። ደሉካ የሚባለውን የሸክላ ከበሮ ከሚመቱ ሴቶች ጋር ነው የምትዘፍነው፤ ሙሽራ ያለሷ አይዳርም ይላሉ። ልምምድ እናድርግ አልኳት። እንደ እብድ አየችኝ። የሰርግ ድምፅ የሚመጣው በሰርግ ቀን ነው አለች። ፒያኖውን ዞራ አየችና ይናከስ እንደሆነ ጠየቀች። ቆንጆ ሴት ናት፤ ዕድሜ ደጉ ጥርሷን አልነካባትም።

መነሻዋን ቁልፍ መታሁላት፤ ከዚህች ትነሻለሽ አልኳት። ጣይብ፣ ጣይብ (እሺ፣ እሺ) ብላ ሻይዋን ጠጣች። ተስማማን።

ጥቅ. 21

ተጫወተ!!

ለሰሊጥ አጨዳ የመጡ የአርማጭሆ ልጆች ከመኪና ወርደው በር ላይ ነበሩ። ትዝታን ለስለስ አድርጌ ጀመርኩ፤ ከዚያ የሳጅኑን ግራ እጅ ለቀቅኩባት። ትንሿ ጣት እንኳ ኩርፊያዋን ተወች። አንዱ ማጭዱን ጥሎ ትከሻውን ነቀነቀ፤ አቧራው ጨሰ። አይ ጋሼ፣ እድሜ ይስጥህ እያሉ እጄን ሳሙኝ።

ደስ ብሎኛል። እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ እንደሆነ እንጃ። እግ/ር ይመስገን።

ጥቅ. 24፣ ጠዋት

ሰርጉ ዛሬ። ጥሩዬ ሸሚዜን ተኩሳ ኮሌታዬን ሦስቴ አስተካከለች። የድምፅ ባለሙያው ፒያኖው ሆድ ውስጥ ማይክ ሊሰቅል ነው። ፉሉን ሳልጨርስ ተነሣሁ። በራክሻ (በባጃጅ) ሳልፍ የፉርኑ ጭስ ይታየኛል። ዛሬስ ባላየው።

ጥቅ. 25

ጉድ ፈላ ብዬ ልጀምርልሽ።

ኑራ ገባች። ሴቶቹ ደሉካቸውን ታቅፈው። መነሻዋን ልመታላት ጣቴን አነሣሁ። ማን ጠብቆኝ! ደሉካው ጓ አለ፣ እሷም ጀመረች። እኛ ባንድ ውስጥ መሣሪያው ድምፅ ይሰጣል፣ ዘፋኙ ይከተላል። እነሱ ዘንድ ድምፅ ሰጪ የለም፤ ጉሮሮዋ ያደረበት ላይ ትነሣለች። ያ ጣይብ ለሻዩ ነበር ለካ።

አንድ ቁልፍ ከፍ ብላ ጀመረች። አንድ ብቻ! ግን እኔ አምስት ነው ያስቀረሁት። የኔ አምስቱ ሁሉ ለሷ ስሕተት፤ የሷ አምስቱ ሁሉ መዶሻቸውን የነቀልኩባቸው፣ ሙታን። አንዴ መታሁ። ጆሮ የሚሰነጥቅ። ሙሽራዋ ዞራ አየችኝ። ሐጁ ከወዲያ አንገቱን አስግጎ አየኝ። አለቀልህ አልኩ ለፒያኖው።

እጄን ላነሣ ነበር፤ አልነሣም አለኝ። ጣቶቼ ዜማዋን ያውቁታል። ሙታኑ ቁልፎች ላይ ሄዱና በትክክለኛው ቦታ ዘፈኗን መጫወት ያዙ። ድምፅ የለም። እንጨቱ ብቻ፦ ቋ፣ ቋቋ፣ ቋ። ማይኩ ሆዱ ውስጥ ነው፤ አዳራሹን ሞላው። ያን ጊዜ የሳጅኑ ቃል መጣልኝ። ግራህ ይሥራ። ግራዬን ለቀቅኩት። ባቡሩ ተነሣ።

አንዷ ደሉካ መቺ ቀና ብላ አየችኝ፣ ሳቀች፣ መለሰችልኝ። እኔም መለስኩላት። ቋ ስል ጓ፣ ጓ ስትል ቋቋ። አዳራሹ ተነሣ! ኑራ ዘፈኗን ሳታቋርጥ መጥታ እጇን ከራሴ በላይ አንሥታ ጣቶቿን ጧ፣ ጧ አደረገች። እዚህ አገር ሰምቼሃለሁ፣ ኮርቼብሃለሁ ማለት ነው። ሐጅ ዑስማንም ዱላውን ወደ ላይ እያወዛወዘ መጣ። ጥሩዬ ከሴቶቹ መሐል እልል ስትል ሰማኋት፤ ድምፅዋን የትም አውቀዋለሁ። አለቀስኩ። ዛሬ አቧራ ነው አላልኩም።

ጥቅ. 26፣ ጠዋት

እጄ ውኃ ውስጥ። ትንሿ ጣት አብጣለች፤ ይገባታል።

ሐጁ አስጠራኝ። አሜሪካኖች እንዲህ ነው ወይ የሚጫወቱት፣ እየቆረቆሩ? አለኝ (ስለ ሳጅኑ ነግሬዋለሁ)። መዋሸት እችል ነበር። እውነቱን ነገርኩት፦ ፒያኖው አልዘፈነም፣ ሐጅ፤ የተሰማው እንጨቱ ነው። እሱም፦ እኔ ይሰማ አልኩ እንጂ በምኑ ይሰማ አላልኩም ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ጥጉ የኔ ነው። ሰሊጡ ነገ ይገባል፤ ጆንያዎቹን ለኔ መግቢያ ትተው እንዲደረድሩ አዟል። ለአይጦቹም ድመት ገዝቷል።

ኑራን በር ላይ አገኘኋት። በሚቀጥለው ሰርግ ከየት ትነሻለሽ አልኳት። ጉሮሮዋን ነካችና አላህ ያውቃል አለች፤ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሁልጊዜ ከዚያችው እንደምትነሣ ሴቶቹ ሹክ ብለውኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ዘፋኞች ወደኔ ቁልፍ ሲመጡ ኖረዋል።

ወስኛለሁ፣ ደብተሬ። ነገ ካቻቢቴዬን ይዤ እገባለሁ። መዶሻዎቹን ከኔ ቁልፎች እየነቀልኩ በሷ ላይ እተክላቸዋለሁ። የኔ አምስቱ ደግሞ በተራቸው ከበሮ ይሁኑ። ውኃው ቀዘቀዘ፤ ጥሩዬ ፉሉ ቀረበ እያለች ነው፣ ልነሣ።